አለስልሼ ያበላሸሁት ጠመንጃ

በመሣሪያ ጥገና ክፍል ሥራ የጀመርሁ ዕለት ፎርማናችን አንድ የዛገ ጠመንጃ ሞርሳ ላይ አሰረና «አዲስ አስመስለው» ብሎኝ ሄደ። ቀኑን ሙሉ በነጭ ጋዝና በሽቦ ብሩሽ ስፈትገው ዋልሁ። ሲመለስ በአውራ ጣቱ ዳሰሰው፤ «ይኼ እጅ ያስተዳድርሃል» አለኝ። ከረዳት ጠጋኝነት ተነሥቼ አንደኛ ደረጃ እስክደርስ ከዚያ የበለጠ ምስጋና አልሰማሁም። ጥፋቴም ከዚያ የጀመረ ይመስለኛል፤ ሥራ ማለት ማሳመር ብቻ መሰለኝ።

ጡረታ ከወጣሁ በኋላ ባሕር ዳር፣ ፔዳ አካባቢ ፈቃድ አውጥቼ ትንሽ መጠገኛ ከፈትሁ። የሚመጡልኝ በአብዛኛው ከአባት የተወረሱ ናቸው። የውርስ ጠመንጃ ሦስት ጠላት አለው፤ የሐይቁ እርጥበት፣ ምስጥ፣ እና ወራሹ።

አያሌው የሚባል፣ ፋብሪካ ውስጥ መዝገብ ቤት የሚሠራ ሰው ባለ ሁለት አፈሙዝ የአደን ጠመንጃ በጋቢ ጠቅልሎ አመጣልኝ። ፈቃዱን አይቼ ቁጥሩን ብረቱ ላይ ካለው ጋር አመሳከርሁ፤ ልክ ነው። ከመታጠፊያው ሰበር አድርጌ ከፍቼ በቱቦው ውስጥ ወደ ውጭ ባይ ብርሃን የለም። ተርብ የጭቃ ቤቷን ሠርታበታለች።

«ምን በድሏችሁ ነው?» አልሁት።

«ስድስት ዓመት ከአልጋዬ ሥር ነበር፣ ጋሼ። በደሉ የኔ ነው።»

ነገሩን ዘርዝሮ ነገረኝ። አባቱ ሲሞቱ ጠመንጃውን ለበኩር ልጃቸው፣ ለእሱ ሰጡ። ወንድሞቹ ግን «ሸጦ በልቶታል» ብለው አስወሩበት። ሐሙሲት የሚኖሩት እናቱ ከመነኮሱ ቆይተዋል፤ ዓይናቸውም ጠፍቷል፤ አሁን ደግሞ ታመው ተኝተዋል። «የአባትህን ጠመንጃ አምጥተህ በእጄ ካልዳሰስሁት አልመርቅህም» ብለውታል። በእኛ አገር የአባቱን መሣሪያ የሸጠ ልጅ ከሰው አይቆጠርም። የእናት ምርቃት ሳይቀበሉ መቅረት ደግሞ ከዚያ ይብሳል።

«ዝገቱን ብቻ ያንሡልኝ» አለኝ ሲወጣ። «ሌላውን አይንኩት።»

ሰምቻለሁ። አልሰማሁም ማለት አልችልም።

ቱቦዎቹን ጠረግሁ፤ መምቻዎቹን ፈትቼ በዘይት አጠብሁ። ቃታው እንደገና ሲላወስ ደስ አለኝ። እዚያ ላይ ማቆም ነበረብኝ። ሰደፉ ግን አላስቀምጥ አለኝ። አንገቱ ላይ ተሰንጥቆ በጥሬ የበሬ ቆዳ ተጠፍሯል፤ ቆዳው ደርቆ እንደ ቀንድ ጠንክሯል፤ ስፌቱ ወጣ ገባ ነው። ጉንጭ የሚያርፍበትም ቦታ ጎድጉዷል። «ይህ ሻካራ ነገር የእኒያን እናት እጅ ይወጋል» አልሁ ለራሴ። ቆዳውን በቢላ ቀድጄ ወረወርሁት፤ የግቢያችን ውሻ ይዞት ሄደ። ስንጥቁን በሙጫ ገጠምሁ፣ ጉድጓዱን ሞላሁ፣ በብርጭቆ ወረቀት አለስልሼ ቫርኒሽ ቀባሁት። እንደ ሙሽራ አማረ።

አያሌው ተቀብሎ አገላብጦ አየው።

«ቆዳውስ?»

«ምን ያደርግለታል? እንጨቱ ድኗል» አልሁት። ምስጋና አማረኝና አብሬው ሐሙሲት ሄድሁ።

እማሆይ መደብ ላይ ተደግፈው ተቀመጡ። ጠመንጃውን ጭናቸው ላይ አኖርንላቸው። እጃቸው በቀጥታ ወደ ሰደፉ አንገት ሄደ። ሄደ፣ ተመለሰ፣ ደግሞ ሄደ።

«ይህ የማን ነው?» አሉ።

«የአባዬ ነው፣ እማዬ! በአባዬ አጥንት!»

«አባትህ ከበቅሎ ወድቆ የሰበረው ጊዜ ቆዳውን የሰፋሁት እኔ ነኝ። ስፌቴ የታለ?»

ዘልዬ ገባሁ። «እማሆይ፣ ጥፋቱ የኔ ነው። ጠጋኙ እኔ ነኝ፤ ቆዳውን የቀደድሁት እኔ ነኝ።» ቁጥሩ ከፈቃዱ ወረቀት ጋር አንድ መሆኑንም ነገርኋቸው።

«ወረቀቱን የምታነቡት እናንተው ናችሁ» አሉ። «ቆዳውን አምጣና ልመንህ።»

ውሻ በላው ብሎ መናገር እንዴት ያሳፍራል! ተናገርሁ። በሩ ላይ የቆመው የአያሌው ታናሽ ወንድም ሳቀ።

እማሆይ ጠመንጃውን ከጭናቸው ገፉት። «አልረግምህም፣ አያሌው» አሉ። «አልመርቅህምም።»

በሳምንቱ ዐረፉ። ለቅሶ ልደርስ ስሄድ ወንድማማቾቹ በአንድ ድንኳን ሥር ተራርቀው ተቀምጠዋል። አያሌው አጠገብ ተቀምጬ ይቅርታ ጠየቅሁት።

«ሥራዎ እኮ ጥሩ ነው፣ ጋሼ» አለኝ።

ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

በዚህ ሥራ ላይ ላላችሁት የምነግራችሁ ይህን ነው፦ ባለቤቱን ሳትጠይቁ ከሰው ዕቃ ላይ ምንም አታንሡ። ያነሣችሁትንም ባለቤቱ ዕቃውን ተረክቦ እስኪሄድ አትጣሉ። እኔ ይህን የተማርሁት አንድ ሰው የእናቱን ምርቃት ካሳጣሁ በኋላ ነው።