ሬሳ የሌለበት ጨዋታ

ከሽንፋ ስንወጣ መንገድ ዳር አህያ ሞቶ ነበር። ክርፋቱ በመኪናው መስኮት ሲገባ ተሳፋሪው ሁሉ አፍንጫውን ያዘ። እኔ ግን ገንዳ ውሃ ከተማ የነበረው ጌም ቤት ትዝ አለኝ።

ልጅ ነበርኩ። ቆርቆሮ ቤቱ እንደ ምድጃ ይግላል፤ ጆይስቲኩ በሰው ሁሉ ላብ ረጥቦ ይሙለጨለጫል። አንድ ወታደር እየሮጠ ያገኘውን ሁሉ ተኩሶ በሚጥልበት ጨዋታ የሚችለኝ አልነበረም። ከጦር ሜዳ የተመለሰው አጎቴ እንዲያደንቀኝ ጎትቼ አመጣሁት።

“አየኸኝ ጋሼ? ሁሉንም ጣልኳቸው!”

ወደ ስክሪኑ ተጠግቶ አፈጠጠ። “የወደቁት የት ገቡ?”

“ጠፉ።”

“ማን አነሳቸው?”

“ማንም። ራሳቸው ይጠፋሉ።”

“አይሸቱም?”

ጓደኞቼ በሳቅ ፈረሱ። “ጋሼ ደግሞ፣ ቴሌቪዥን ይሸታል እንዴ!” አለ አንዱ።

አጎቴ አፉን በእጁ ይዞ ወጣ። ከቆርቆሮው ጀርባ ሲያስመልሰው ሰማነው። ተመልሶ፣ “በል ተጫወት። እኛ ስንለቅማቸው ከርመን ነው የመጣነው” አለኝ። ምን እንደለቀሙ አልገባኝም። በጓደኞቼ ፊት አሳፈረኝ ብዬ ብቻ ተናደድኩ።

መኪናው አህያውን አልፎ ሄደ። እኔን ያቅለሸለሸኝ ግን አህያው አልነበረም። ያ ሁሉ ሰው ተገድሎበት አንድ ዝንብ እንኳ የማይጠራው ንጹሕ ስክሪን ነበር።