የሰው ስልክ በእጄ

ስልክ መጠገን የጀመርኩት አሰላ፣ ጋሽ ታምሩ ሱቅ ነው። ጋሽ ታምሩ ሬዲዮና ቴፕ ሲጠግኑ የኖሩ ሰው ናቸው፤ ሞባይል ሲመጣ ያንኑ የመበየጃ ካውያ ይዘው ወደ ስልክ ተሻገሩ። በመጀመሪያው ቀን አንድ የማይበራ ስልክ ከፊቴ አስቀመጡና «መጀመሪያ ምን ታደርጊያለሽ?» አሉኝ።

«እፈታዋለሁ» አልኩ።

«አይደለም። ሲሙንና ሜሞሪውን አውጥተሽ ለባለቤቱ ታስረክቢያለሽ። እዚህ ቤት የሚጠገነው ዕቃው ነው፤ ውስጡ ያለው የሰው ነው።»

ያን ቀን ካቻቢቴ እጄ አልገባም። ደንበኛ በመጣ ቁጥር ሲም እያወጣሁ ሳስረክብ ዋልኩ። ትንሽ ተናድጄ ነበር።

ሥራውን በደረጃ ነው የተማርኩት። መጀመሪያ የቻርጅ ቀዳዳ ማጽዳትና መቀየር፣ ቀጥሎ ስክሪን፣ በመጨረሻ የስልኩ ዋና ሰሌዳ፣ ቦርዱ። ቦርድ ላይ መበየድ እጅ ካልጸና አይሆንም። ለማጅ ሆኜ ብዙ የሞቱ ቦርዶች ላይ ተለማመድኩ።

አንድ ጊዜ ከኦጎልቾ የመጣ ሽንኩርት አምራች ስልኩን ይዞ ከባንኮኒው ፊት ቆመ። «ባለሙያው የለም እንዴ?» አለኝ።

«እኔ ነኝ።»

«አይ፣ የሚጠግነውን ነው የምልሽ።»

ጋሽ ታምሩ ከጓዳ ሆነው «እሷን ነው የምታናግረው» አሉት። ሰውየው ሥራዬን እስክጨርስ ዓይኑን ከእጄ አልነቀለም። በሳምንቱ የቤተሰቡን ስልክ ሁሉ በፌስታል ይዞልኝ መጣ።

ጋሽ ታምሩ ዓይናቸው ሲደክም የራሴን ሱቅ ከፈትኩ። በዚያን ጊዜ ብዙ ጠጋኞች የደንበኛውን የመክፈቻ ኮድ በፕላስተር ላይ ጽፈው ስልኩ ጀርባ ይለጥፉ ነበር። ደንበኛውም ሳይጠየቅ ይናገራል። እኔ ግን «አይንገሩኝ» እል ነበር። ስክሪን ተቀይሮ መንካቱ እንደሚሠራ ለማየት የድንገተኛ ጥሪውን ቁጥሮች መጫን ይበቃል። ካሜራውም ስልኩ በኮድ ሳይከፈት ይሞከራል። የግድ መከፈት ካለበት ባለቤቱ መጥቶ ራሱ ይከፍተዋል፤ እኔ ፊቴን አዞራለሁ።

ይህን ሴቶች ሰሙ። ከጢቾ፣ ከሁሩታ፣ ጎረቤታቸው ያለውን ጠጋኝ አልፈው እኔ ጋ ይመጡ ጀመር። በዚህ አሁንም እኮራለሁ።

ፈቲያ እንዲህ ሰምተው ከመጡት አንዷ ናት። ሁሩታ የሒሳብ አስተማሪ ነች፤ ሠርጓ ደርሶ ነበር። ስልኳ ውኃ ውስጥ ወድቆባት አመጣችው። ፈትቼ ቦርዱን በአልኮል አጠብኩት፤ ስክሪኑም ስለሞተ አዲስ ከአዲስ አበባ እስኪመጣ ክፍሎቹን በሣጥን አስቀመጥኩ።

ስክሪኑ ሳይደርስ ፈቲያ ተመልሳ መጣች። ፊቷ ገርጥቶ ነበር። የእህቷን ስልክ ከፍታ ባንኮኒው ላይ አስቀመጠችልኝ። በማኅበራዊ ሚዲያ በሙሉ ስሟ ገጽ ተከፍቷል። የእሷ ፎቶ፣ የመምህርነት መታወቂያዋ ፎቶ ሳይቀር ተለጥፏል። በዚያ ገጽ ለማታውቃቸው ወንዶች በስሟ መልእክት ተጽፏል። ለእጮኛዋ ታላቅ ወንድም ለከድር ደግሞ «ወንድምህን አልፈልገውም፤ አባቴ አስገድዶኝ ነው» የሚል ተልኳል።

«አባቴ አያናግረኝም» አለችኝ። «ቤተሰቦቼን ስልኬ ጥገና ላይ ነው ብላቸው በሌላ ስልክ ጽፈሽ ነው አሉኝ።» ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «እትዬ አስቴር፣ እውነቱን ንገሪኝ። ካንቺ ነው የወጣው?» አለች።

ጥያቄው ከበደኝ። ግን መጠየቋ ልክ ነበር። ሣጥኑን አውጥቼ ቦርዱን ለብቻው፣ ባትሪውን ለብቻው አሳየኋት። «እኔ ጋ ከመጣ አንዴም አልበራም» አልኳት። «ከእኔ በፊት ማን ነክቶታል?»

«አምና ስክሪኑ ሲሰበር ሌላ ሱቅ ሰጥቼው ነበር። ኮዱን ጻፊልን አሉኝ፤ ጽፌላቸው ሄድኩ።»

ገጹ ላይ ያሉትን ፎቶዎች አንድ በአንድ አየናቸው። ሁሉም ከዚያ ጥገና በፊት የተነሱ ናቸው። ከዚያ በኋላ ያነሳችው አንድም የለም። ያኔ ከየት እንደተቀዳ ለሁለታችንም ገባን። ቤተሰቡን ግን ይህ ብቻ እንደማያሳምን አውቅ ነበር፤ እነሱ የሚሉት ጽሑፉን ራሷ ጻፈችው ነው።

ከድር ቤታቸው እንደሚመጣ ፈቲያ ነግራኝ፣ ቅዳሜ፣ ገበያው በደራበት ቀን፣ ሱቄን ዘግቼ ሁሩታ ሄድኩ። አባቷ ሐጂ አማን ሳሎን ከከድር ጋር ተቀምጠዋል። ፈቲያ ከበሩ አጠገብ ናት።

«አንቺ ማነሽ፣ ልጄ?» አሉኝ ሐጂ።

«ስልኳን የምጠግነው ነኝ። አንድ ነገር ብቻ ፍቀዱልኝ። ቤት ውስጥ ያለው ስልክ ሁሉ እዚህ ጠረጴዛ ላይ ይቀመጥ።»

ሐጂ ኪሳቸውን ዳሰሱ። ከዚያ የራሳቸውን አውጥተው አስቀመጡ። የእናቷም፣ የእህቷም፣ የእኔም ተቀመጠ። የከድር ብቻ በእጁ ቀረ።

«አሁን ለዚያ ገጽ ይጻፉለት» አልኩት።

«ምን ብዬ?»

«የት ነሽ ብለው።»

ጻፈ። ፈቲያ ባዶ እጆቿን ጉልበቷ ላይ ዘርግታ ተቀምጣለች። መልስ ባይመጣስ የሚል ፍርሃት ያዘኝ፤ ባይመጣ ኖሮ ነገሩን አባብሼው እሄድ ነበር። የከድር ስልክ ጮኸ። ከድር አይቶ ቀና አለና ፈቲያን ተመለከታት። ከዚያ ጮክ ብሎ አነበበው፦ «ትምህርት ቤት ነኝ፣ እያስተማርኩ ነው።»

«ዛሬ ቅዳሜ አይደለም እንዴ?» አሉ ሐጂ አማን።

ማንም አልሳቀም። ሐጂ ተነስተው ልጃቸው አጠገብ ሄደው ተቀመጡ። «ዲፈማ፣ ኢንተላ ኮ» አሏት። ይቅርታ፣ ልጄ ማለታቸው ነው። ፈቲያ እስከዚያ ሰዓት አላለቀሰችም ነበር።

ገጹ ከመጥፋቱ በፊት እያንዳንዱን መልእክት በፎቶ አስቀረን። ፈቲያ ያንን ይዛ ለፖሊስ አመለከተች፤ እኔም ቃሌን ሰጠሁ። ከዚያ ዘመድ ወዳጁ ሁሉ ገጹ ሐሰተኛ መሆኑን ለማኅበራዊ ሚዲያው ድርጅት እየጠቆመ አዘጋው። ምርመራው አምና ስክሪኗን የቀየረው ጠጋኝ ላይ ደረሰ። የእሷን ብቻ ሳይሆን የሌሎች ሴቶችንም ፎቶ ቀድቶ አስቀምጦ ተገኘ፤ ተፈረደበት።

የእጮኛዋ ቤተሰብ ሽማግሌ ልኮ ሠርጉ በቀኑ ይሁን አለ። ያዘገየችው ፈቲያ ናት። «ያላመነኝ ሰው ትንሽ ይጠብቅ» አለች። እጮኛዋ ጠበቀ። ከክረምቱ በኋላ ተጋቡ፤ እኔም ከቤተሰቡ ጎን ተቀምጬ በላሁ።

ጉዳዩን የያዘው መርማሪ በኋላ የከተማውን ጠጋኞች ሰብስቦ አሠራሬን እንዳስረዳ ጠየቀኝ። አንዱ ተነስቶ «ኮድ ካልያዝን ሥራ ይጓተታል» አለ። «ይጓተታል» አልኩት። «ደንበኛውን ጠርተህ ጠብቀው።» አንዳንዶቹ አጉረመረሙ። ሆኖም ከዚያ ወዲህ ፕላስተር የሚለጥፈው ሰው በጣም ቀንሷል፤ እየዞርኩ አይቻለሁ።

ሥራውን አሁን ለምትጀምሩ፦ ደንበኛ ኮዱን ሊነግራችሁ አፉን ሲከፍት አስቁሙት። የሰውን ፎቶ ለማየት የሚያስገድድ ብልሽት በሥራ ዘመኔ አንድም አልገጠመኝም።