ለምርመራ ማዕከሉ የመረጥኩት መስመር

ትናንት ከሰዓት አንድ ወጣት የኢንተርኔት ሻጭ ደብረ ብርሃን ያለው ቢሮዬ መጥቶ ሁለት ወረቀት ጠረጴዛዬ ላይ ዘረጋ። አንደኛው ብዙ ደንበኞች የሚጋሩት መስመር ነው፤ ሌላው ለአንድ ድርጅት ብቻ የሚዘረጋ። «ጋሼ፣ ፍጥነቱን ይዩት» ብሎ የጋራው መስመር ትልቅ ቁጥር ላይ ጣቱን አሳረፈ። ወረቀቶቹን ተቀብዬ ነገ እንዲመለስ ነገርኩት። ከዚያ በኋላ ሥራ መሥራት አልቻልኩም።

በሃያ አምስት ዓመቴ እዚሁ ከተማ በአንድ የግል ምርመራ ማዕከል የኮምፒውተር ባለሙያ ነበርኩ። ማዕከሉ የሲቲ ስካን ማሽን ቢያስገባም ምስሉን የሚያነበው ሐኪም አዲስ አበባ ነበር። በኢንተርኔት እንልክለታለን፣ አንብቦ ይደውላል። መስመሩን እንድመርጥ ኃላፊነቱ ለእኔ ተሰጠ። ያኔም እንደዚሁ ሁለት ወረቀት ቀርቦልኝ፣ ትልቁን ቁጥር መረጥኩ። ማሽኑን የምታንቀሳቅሰው አልማዝ ግን ጠየቀችኝ።

«እኛ እኮ ላኪዎች ነን። ሲልክስ እንደዚሁ ይፈጥናል?»

«ያው ነው» አልኳት።

ያው አልነበረም። የጋራው መስመር ሲያወርድ ይፈጥናል፤ ሲልክ ግን ደካማ ነው፤ ተጠቃሚ ሲበዛበት ደግሞ ጭራሽ ይንቀራፈፋል። ሌላው፣ ቁጥሩ ቢያንስም፣ ሲልክም ሲያወርድም እኩል ነበር። ወረቀቱ ላይ በደቃቅ ፊደል ተጽፏል። አላነበብኩትም።

የሐምሌ ጉም ከተማውን በሸፈነበት አንድ ጠዋት፣ ሰይድ የሚባል የአልዩ አምባ ነጋዴ ሚስቱን ዘይነባን ደግፎ መጣ። በእኔ ዕድሜ ገደማ ነው። ወደ አንኮበር ሽቅብ ሲወጡ መኪናቸው ጭቃው ላይ ተንሸራቶ ተገልብጦ ነበር። ስሟን ስትጠየቅ ትመልሳለች፤ ግን እንቅልፍ እንቅልፍ ይላታል። የሰይድ ሽርጥ እስከ ጉልበቱ ጭቃ ነው፤ በእጁ የሚስቱን አንድ እግር የፕላስቲክ ጫማ ይዟል።

«የአዲስ አበባው ሐኪም ይየውና፣ ጭንቅላቷ ውስጥ ደም ከፈሰሰ አሁኑኑ ወደዚያ ትሄዳለች» አለ ሐኪማችን።

አልማዝ በማሽኑ ያነሳችውን የጭንቅላቷን ምስል መላክ ጀመርኩ። ሩቡ ሄደና ቆመ። እንደገና ጀመርኩት፤ እንደገና ቆመ። ሐኪሙ በሩን ከፍቶ «እህስ?» ሲለኝ «ሊያልቅ ነው» አልኩ። ከአንድ ሰዓት በኋላም ያንኑ አልኩ። አልሄደም ብል፣ የመረጥኩት መስመር አይረባም ማለቴ ነው።

«በሲዲ ገልብጠን ከእሷው ጋር አዲስ አበባ እንላከው» አለች አልማዝ።

«ትንሽ ታገሺኝ» አልኳት።

ለሰይድ ዳቦና ሻይ አመጣሁለት። ዳቦውን ሳይቆርስ እንደያዘው ቀረ።

«ወንድሜ፣ ምን አሉ?»

«አሁን ይደውላሉ።»

«ኢንሻአላህ» አለ።

ወደ ስድስት ሰዓት ገደማ ዘይነባ መናገር አቆመች። ያኔ ነው ምስሉ በሲዲ ተገልብጦ አምቡላንስ የተጠራው። መንገድ ላይ፣ ገና ሸኖ ሳይደርሱ ማረፏን ሾፌሩ ደውሎ ነገረን። ሐኪሙ፣ «ጠዋት ብትሄድ ትድን ነበር ማለት አልችልም» አለኝ። አትድንም ነበር ግን አላለኝም።

ከሳምንታት በኋላ ሰይድ የሕክምና ማስረጃ ሊወስድ መጣ። ሁለት እጄን አጥብቆ ያዘኝ።

«ያን ቀን ስትለፋልን አይቼሃለሁ። አላህ ይስጥህ።»

«አሜን» አልኩ።

አምና በበጋ፣ ለሰይድ እውነቱን ልንገረው ብዬ አልዩ አምባ ወረድኩ። ጢሙ ሸብቶ ሱቁ ደጃፍ ተቀምጧል። አላወቀኝም። ጥቂት ሎሚ መዘነልኝ፤ ተቀብዬው ተመለስኩ።

ሻጩ ዛሬ ይመጣል። የቱን መስመር እንደምፈርም አውቃለሁ፤ ለማወቅ አንድ ወረቀት እስከ መጨረሻው ማንበብ ብቻ በቂ ነበር። ሰይድ ፊት ቆሜ ከየት እንደምጀምር ግን፣ ይኸው ፀጉሬም ሸብቶ፣ አላውቅም።