ለልጄ እግር ከካርቶን የሠራሁት መደገፊያ

መጀመሪያ ያየሁት ነጠላ ጫማዋን ነው። የአምስት ዓመቷ ልጄ ሰላም ስትራመድ የቀኙ እየወለቀ ይቀራል፤ ጣቶቿ ወደ ታች ተንጠልጥለው መሬት ይጠርጋሉ። "እግርሽን አንሺ እንጂ" ብላት "እምቢ አለኝ፣ እማዬ" አለችኝ።

ከዚያ በፊት ወባ ይዟት ነበር። እኔ ትምህርት ቤት ሳስተምር ባለቤቴ የሰፈሩን መርፌ ወጊ ቤት ድረስ ጠርቶ ቂጧ ላይ ኩዊኒን አስወጋት። ጋምቤላ ክልል ሆና በየቢሮው አዲስ ታፔላ ተሰቅሏል፤ "መርፌ ያልተወጋ አልታከመም" የሚለው እምነት ግን ንቅንቅ አላለም። ልጄ ኪኒን መዋጥ ትችል ነበር! አሁንም ስጽፈው ደሜ ይፈላል።

ሆስፒታል ወሰድኳት። ሐኪሙ እግሯን አገላብጦ አየ።

"መርፌው ከቂጥ ወደ እግር የሚወርደውን ሳያቲክ ነርቭ ነክቷል። እግር እንዲህ ሲንጠለጠል ፉት ድሮፕ ይባላል። ነርቩ ቀስ ብሎ ሊያገግም ይችላል። እስከዚያ ግን እግሯን ቀና አድርጎ የሚይዝ ስፕሊንት ካላሰረች የተረከዟ ጅማት ያጥራል።"

"የት አገኛለሁ?"

"እዚህ የለም። አዲስ አበባ ነው።"

ልጄ አንካሳ ልትሆን ነው። ሐኪሙን ጠላሁት። ባሌን ጠላሁት። አላለቀስኩም።

የሥዕል መምህርት ነኝ። ቤቴ በካርቶን፣ በሽቦና በዱቄት ሙጫ በሠራኋቸው ጉማሬዎችና ወፎች ተሞልቷል፤ ባለቤቴ "ቆሻሻ" ይላቸዋል። ያን ቀን ማታ የሰላምን እግር በጨርቅ ጠቅልዬ በሙጫ የራሰ ወረቀት ደራረብኩበት። ቅርጹን ሲይዝ አወለቅኩት፤ ክረምት ስለነበር ግን አልደርቅ ብሎ ሻገተ። ሁለተኛውን ከሰል ዳር ባደርቀው ተጣመመ። ሦስተኛውን ከእርዳታ ዘይት ቆርቆሮ በተቆረጠ ቁራጭ ከሥር አጠናከርኩት። ቆርቆሮውን የቆረጠው ባለቤቴ ነው፤ ንዴቴ ግን አልበረደም።

ሐኪሙ መደገፊያውን አይቶ "ቆዳዋ እንዳይቀላ በየቀኑ እየፈቱ ይዩት" አለኝ፤ እግሯን እንዴት እንደማንቀሳቅስላትም አሳየኝ፤ እኔም ጠዋትና ማታ እያንቀሳቀስኩ፣ እግሯ ሲያድግ ሌላ መደገፊያ እየሠራሁ ወራት አለፉ፤ አንድ ቀን ገላዋን ሳጥባት አውራ ጣቷ ወደ ላይ ብድግ አለ። ዛሬ ትሮጣለች፤ ሲደክማት ብቻ ቀኟን ትጎትታለች።

መርፌ ወጊው ሽማግሌ ላከብኝ። "ለክፋት አላደረገውም፤ ከእግዜር የመጣ ነው" አሉ።

"ከእግዜር አይደለም፤ ከመርፌ ነው" አልኳቸው። "ሲሪንጁን ይጣልና እንታረቃለን።"

አልጣለም።

ሐኪሙን አመሰግናለሁ፤ እውነቱን ሳይሸፍን ነግሮኛል። እናንተ ወላጆች፣ ልጃችሁ መዋጥ ከቻለ ኪኒን ጠይቁ። መርፌ የግድ ከሆነም ጤና ጣቢያ ሂዱ፤ ቂጡ ላይ እንዳይወጉት ንገሯቸው። እግሩ ከዛለ ነገ ዛሬ አትበሉ።

ባለፈው ሰሞን ያ መርፌ ወጊ ቦርሳውን ይዞ የታመመ ሕፃን ወዳለበት ጎረቤቴ ቤት ሲመጣ አየሁት። ሮጬ ደጃፉ ላይ ቆምኩ።

አላሳለፍኩትም።