የዘነበች ተራ

ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ለንስሐ አባቴ ስለ ቁጣዬ፣ ስለ ሻርሁት ጾም፣ ስላማሁት ጎረቤት ተናዝዣለሁ፤ እዚህ ላይ ስደርስ ግን ምላሴ ይታሰርና ወደ ቀላሉ ኃጢአት እሸሻለሁ። ባለቤቴ ግማሹን ታውቃለች። ልጄ ዮናስ ምንም አያውቅም። እንግዲህ አንባቢዬ፣ አንተ ስማኝ። ስትሰማ ግን አትዘንልኝ፤ የሚታዘንለት ሰው ሌላ ነው።

እኔ የትምህርት ቤት ደጃፍ አልረገጥሁም። ፊደል የለየሁት ከሱቅ ዕቃ በሚጠቀለልበት ጋዜጣ ላይ ነው። በራሴ ጥረት አንባቢ በመሆኔ በቀበሌያችን ተከበርሁ፤ ባልና ሚስት ሲጣሉ፣ ድንበር ሲገፋ፣ «ጋሽ ወልዴ ይጠራ» ይባል ነበር። ዮናስ ገና አንደኛ ክፍል ሳለ፣ ቧንቧ ላይ ጀሪካናችንን ከሰው ጀሪካን ፊት ቢያቆም፣ በአደባባይ አርጩሜ ያነሳሁበት አባት ነኝ። «የሰው ተራ መውሰድ ሌብነት ነው!» እያልሁ። ስለ ተራ የሰበክሁት እኔ ነኝ። ተራ የሰረቅሁትም እኔ ነኝ።

በዚያው ዓመት ኩፍኝ ገባብን። ቀበሌያችን ከቦንጋ ሩቅ ናት፤ ከደካ ወዲያ፣ በክረምት ሞተር ሳይክል እንኳ ጭቃ የሚይዘው ቦታ። ስሟን አልጠራም፤ ጥፋቱ የእኔ ነውና። ሕመሙ መጀመሪያ የታየው በጫካው ዳር፣ ማንጆዎች በሚኖሩበት ሠፈር ነው። ለማያውቅ ልንገር፦ ማንጆዎች ከሰልና ማገዶ እየሸጡ የሚኖሩ፣ የእኛኑ ካፊኛ የሚናገሩ፣ በእኛው አገር የተወለዱ ሰዎች ናቸው። እኛ ግን ከእነሱ ጋር በአንድ ማዕድ አንበላም ነበር፤ ቤታችን አናስገባቸውም፤ ለቅሶ ላይ እንኳ ለብቻቸው ነበር የሚቀመጡት። አሁን አሁን እየቀረ ነው ይላሉ። ለምን እንዲህ እንደምናደርግ ጠይቄ አላውቅም። ከጋዜጣ ቁራጭ ላይ የዓለምን ነገር የመረመርሁ ሰው፣ የደጄን አልመረመርሁም።

ክትባቱ ጥቂት ነበር። ስለዚህ አብሮት የመጣው ትእዛዝ ሕመሙ የታየበት ሠፈር ይቅደም፣ አንድም ጊዜ ያልተከተበ ልጅ ይቅደም፣ የተከተበ ግን ሌላ ክትባት እስኪመጣ ይቆይ የሚል ነበር። ይህን የነገረችን ሲስተር ትዕግስት ናት፤ ለጤና ኬላችን የተመደበች፣ ካፊኛ የማትሰማ፣ ለአገሩ እንግዳ የሆነች ወጣት። ተራ አስከባሪ ደግሞ እኔ ሆንሁ። ከእኔ ሌላ ማን ይሁን?

ጠዋት ጤና ኬላው ስደርስ አንዲት የማንጆ ሴት ከሁሉ ቀድማ መጥታ አግዳሚው ላይ ተቀምጣለች። ዘነበች ትባላለች። ያን ጊዜ ስሟን አላውቅም፤ ከሰል ስገዛት ኖሬ አንድ ቀን «ማን ትባያለሽ?» ብያት አላውቅም። ትንሿን ልጇን አየለችን አዝላለች። የሠፈሯ ሰዎች እንባረራለን ብለው ቀርተዋል፤ እሷ ከተስተናገደች ሊከተሏት ነው።

መድኃኒቱ ዱቄት ነው። አንዴ በውሃ ከተበጠበጠ ለነገ አያድርም፤ ስለዚህ ብልቃጡ የሚከፈተው ልጆች ሲበዙ ነው። ሲስተር «ትንሽ ጠብቂ፣ ሌሎችም ይምጡ» አለቻት። እኔ ተረጎምሁላት። ጠበቀች።

የእኛ ሠፈር እናቶች መጡ። አግዳሚው ላይ የተቀመጠችውን አዩና ቆሙ።

«ጋሽ ወልዴ፣ እዚያ ላይ ነው የምንቀመጠው?» አለች አንዷ።

«ምነው፣ አልጋ ያንጥፉልሽ?» አለቻት ሌላዋ፤ ሳቁ።

ሦስተኛዋ ግን አልሳቀችም። «የእሷን ልጅ የነካ እጅ የኔን ልጅ አይነካም። እሷ ከቀደመች ልጄን ይዤ እመለሳለሁ።»

«ምን አሉ?» አለችኝ ሲስተር። ነገርኋት። ፊቷ ተለወጠ። «ጋሽ ወልዴ፣ ቀድማ የመጣችው እሷ ናት እኮ። ትእዛዙም እነሱ ይቅደሙ ነው የሚለው።»

«ልጄ፣ አንቺ ለአገሩ እንግዳ ነሽ» አልኋት። «ብልቃጡን ከፍተሽ እናቶቹ ጥለው ቢሄዱ መድኃኒቱ መደፋቱ ነው። አገሩን ለኔ ተይልኝ።»

የምናገረው እውነት ይመስል ነበር። መድኃኒት እንዳይባክን የማስብ ሰው መሰልሁ። አንባቢዬ፣ ከውሸት ሁሉ የሚከረፋው ይህ ነው፤ እውነት ለብሶ የሚወጣው።

ለዘነበች አንድ ቃል አልተናገርሁም። እጄን አነሳሁና ወደ ኋላ አወዛወዝሁት፤ ዶሮ ከእህል ላይ እንደሚያባርሩት። ተነሳች። አጥሩ ጥግ ሄዳ ቆመች። እኔም አግዳሚውን በውሃ አሳጠብሁ። አዎ፣ አሳጠብሁ። ያን ቀን ከዚያ ግቢ መታጠብ የነበረበት አግዳሚው ነበር?

ከእሷ በኋላ የመጣው ሁሉ ከእሷ በፊት ቆመ። አየሁ። ያየሁትን አላየሁም ልል አልችልም፤ ተራ አስከባሪው እኔ ነኝ። በመጨረሻ ሲስተር የቀረውን አንድ ብልቃጥ ወደ ብርሃን አንስታ፣ «ለአንድ ልጅ ነው የቀረው» አለች። ከፊቷ የቆመችው ባለቤቴ ናት፣ ዮናስን ይዛ። ከባለቤቴ ኋላ ዘነበች ብቻ ናት የቀረችው።

«ዮናስ የተከተበ አይደል እንዴ?» አለች ሲስተር።

ተከትቧል። በሕፃንነቱ እኔው ራሴ አቅፌ አስከትቤዋለሁ።

«ለማንኛውም ውጊው» አልሁ።

ባለቤቴ ቀና ብላ አየችኝና አቀረቀረች። ሲስተርም ወጋችው። ለዘነበች «አልቋል፤ ሌላ ጊዜ ትመጫለሽ» ያልኋት እኔ ነኝ። እሷም «እግዜር ይስጥልኝ ጋሼ» ብላኝ ሄደች። ምን ሰጥቻት ነው?

ሌላ ክትባት ከመምጣቱ በፊት አየለችን ኩፍኙ ያዛት። ነፍሷ ተረፈች፤ ዓይኖቿ ግን ጠፉ። ይህን የነገረችኝ ሲስተር ናት። የእናትና የልጅን ስም የሰማሁትም ያን ቀን ከእሷ አፍ ነው። አልወቀሰችኝም፤ ነግራኝ ሄደች፤ ብዙም ሳትቆይ ተዛወረች። እኔም ከዘነበች ከሰል መግዛት ተውሁ። ከሐፍረት ነው ብዬ ራሴን ሸነገልሁ። ከፍርሃት ነበር።

ባህል ነው አትበለኝ። ባህል እጅ የለውም፤ የተነሳው እጅ የእኔ ነው። እናቶቹ አስገደዱህ አትበለኝ። «ለማንኛውም ውጊው» ስል ማንም አላስገደደኝም። በአፋችን እነሱን ስንጸየፍ ኖርን። ዛሬ መጸየፍ ምን እንደሆነ የማውቀው ፊቴን ስታጠብ በውሃው ውስጥ በማየው ሰው ነው።

ከዓመታት በኋላ፣ በቅርቡ ደግሞ ክትባት መጣ፤ ዘንድሮም ጥቂት ነው። አዲሷ ነርስ «ጋሽ ወልዴ፣ እንደ ድሮው ተራ ያስከብሩልን» አለችኝ። እንደ ድሮው! ሄድሁ። ዘነበች መጣች፤ ሌላ ሕፃን አዝላ፣ ቀሚሷን ይዛ የምትከተላትን አየለችን እየመራች። ከሁሉ ቀድማ ነበር የመጣችው። አግዳሚውን አየችው፤ ማንም ሳያባርራት ሄዳ አጥሩ ጥግ ቆመች።

ልጠራት እጄን አነሳሁ። እጄን አየችና ከግቢው ወጣች።

ነርሷን «የክትባቱን ሳጥን ያዢና ተከተይኝ» አልኋት። «ዛሬ ደግሞ ጋሽ ወልዴን ምን ነካው?» ሲባል ከኋላዬ እሰማለሁ። መንገድ ዳር ደረስንባት። ነርሷ ብልቃጡን ስትከፍት ዘነበች የምታየው እኔን ነበር።

«አላለቀም?» አለችኝ።

«አላለቀም።»

ሕፃኑ አለቀሰ። አየለች ፊቷን ወደ ድምፄ አዙራ፣ «እማ፣ ማነው?» አለች።

«ተራ አስከባሪው ነው» አለቻት እናቷ።

ይቅርታ አልጠየቅኋትም። ብጠይቃት «እግዜር ይስጥልኝ» ብላኝ ትሄዳለች፤ ያን ምስጋና ሁለተኛ ልሰማው አልችልም። የሁለተኛው ልጅ መከተብ የመጀመሪያዋን ዓይን አይመልስም፤ እንደ ካሳም አልቆጥረውም። አንባቢዬ፣ አንተንም ማረኝ አልልህም።

ዮናስ አሁን ቦንጋ ይማራል። ይህንንም በጤነኛ ዓይኑ ያነበዋል። ያንብበው።