ካርዱን እናቷ ወስደዋል

ወራት አልፈዋል፤ ያቺን ቅዳሜ ባሰብኳት ቁጥር ግን ደሜ ይፈላል። ቁጡ ነኝ፣ አልክድም። ሰፈሩ ያውቀዋል፣ ፋብሪካው ያውቀዋል፣ ከሁሉም በላይ ልጄ ታውቀዋለች።

ልጄ አራተኛ ክፍል ናት። ገላን ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ ላይ፣ ሁለታችን ብቻ እንኖራለን። አባቷ አለ፣ ግን የለም፤ ስለሱ ከጀመርኩ አልጨርስም። የፋብሪካው ሰርቪስ ከንጋቱ አሥራ አንድ ተኩል ላይ በር ላይ ይደርሳል፤ ካረፈድኩ ጥሎኝ ይሄዳል። ስለዚህ ምሳ ዕቃዋን አዘጋጅቼ፣ የቤቱን ቁልፍ አንገቷ ላይ አንጠልጥዬላት፣ እሷ ገና ዓይኗን ስታሽ እኔ ደረጃውን እወርዳለሁ።

ትምህርት ቤቷ ደግሞ አንድ ክፉ አመል አለበት፦ ወላጅ አምጪ። ደብተር ረሳች፣ ወላጅ። ከጎኗ ካለችው ልጅ ጋር አወራች፣ ወላጅ። ጥፍሯ አልተቆረጠም፣ እሱም ወላጅ። ለእነሱ ወላጅ ማለት ቤቱ ቁጭ ብሎ ሲጠሩት ነጠላውን አጣፍቶ ከተፍ የሚል ሰው ነው። እኔ የግማሽ ቀን ፈቃድ ልጠይቅ ስገባ አለቃዬ ቀና ሳይል «ደግሞ ማን ሞተብሽ?» ነው የሚለኝ። ለቀብር ካልሆነ አይፈቅድማ።

ጥቅምት ላይ አንድ ማታ ልጄ ወላጅ ካላመጣሽ አትገቢም ተባልኩ አለችኝ። ውሃ ከጠፋ ሦስተኛ ቀኑ ነበር፤ ሁለት ጀሪካን ተሸክሜ አራት ፎቅ ወጥቼ ገና ማውረዴ ነው። ወገቤ ተቆርጧል። «እናቴ ሞታለች በያቸው!» አልኩና ጮኽኩባት። እዚህ ሰፈር ይህን የማትል እናት ካለች ትምጣና ታሳየኝ። ተናገርኩት፣ ረሳሁት።

ከዚያ ወዲህ ወላጅ አምጪ የሚባል ነገር ቤቴ ውስጥ ተሰምቶ አያውቅም። ልጄ ጨዋ ሆነችልኝ ብዬ ለሥራ ባልደረቦቼ ሳይቀር አወራሁ። የኔ ነገር!

ያቺ ቅዳሜ የመጀመሪያው መንፈቅ ካርድ የሚሰጥባት ቀን ነበረች። ካርድ የሚሰጠው ለወላጅ ብቻ ነው። አንዷን ባልደረባዬን ለምኜ ሽፍቴን ሸፈነችልኝ፤ ለልጄ ግን አልነገርኳትም። ሳታስበው ካርዷን ይዤላት ልገባ አስቤ፣ ለሰርግ የማወጣትን ቀሚስ ለብሼ ሄድኩ። ተሰልፌ ተራዬ ሲደርስ የልጄን ስም ተናገርኩ። የክፍሏ መምህርት፣ ገና ልጅ እግር ናት፣ ስሙን በጣቷ ፈልጋ አገኘችውና «ካርዱን እናቷ ወስደዋል» አለችኝ።

እናቷ እኔ ነኝ አልኳት። ከላይ እስከ ታች አየችኝ። «እናቷንማ አውቃቸዋለሁ። ከጥቅምት ጀምሮ በጠራናቸው ቁጥር ይመጣሉ። እርስዎ ምኗ ነዎት?»

ምኗ ነዎት! ዘጠኝ ወር ተሸክሜ፣ አምጬ የወለድኳትን! መታወቂያዬን አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ ወረወርኩት። አየችው፣ መለሰችልኝ። የልጄን ስም የሚከተለው የአባቷ ስም ነው፣ የእኔን ደግሞ የአባቴ፤ በመታወቂያው እኔና ልጄ ባዳ ነን። ስሟን ያወጣሁላት እኔ፣ አብሯት የተጻፈው እሱ! ከኋላዬ የተሰለፉት ወላጆች ማንሾካሾክ ጀመሩ፤ አንዷ ዘንድሮ ልጅ የሚሰርቅ በዝቷል ስትል ሰማኋት። ከዚያ በኋላ ያልኩትን እዚህ አልጽፈውም። ጥበቃው ክንዴን ይዞ እስከ በሩ ሸኘኝ።

ከመሸኘቴ በፊት ግን መምህርቷን አስጨንቄ አንድ ነገር ብቻ አውጥቻለሁ፦ ሴትዮዋ አረንጓዴ ሻሽ ታስራለች፣ ግንባሯ ላይ ንቅሳት አላት። እሷን ለማወቅ መጠየቅ አላስፈለገኝም። ኮንዶሚኒየሙ በር ላይ ጉልት የምትቸረችረው ደንበኛዬ ናት። አሁን የእኛ ብሎክ የቆመበት መሬት የአባቷ የጤፍ ማሳ ነበር ይባላል። ቲማቲም የምገዛት፣ የምከራከራት ሴትዮ! በሰርግ ጫማዬ፣ የጭነት መኪና አቧራ እያለበሰኝ፣ በእግሬ ተመለስኩ።

ስደርስ ልጄ ከሴትዮዋ ጎን ተቀምጣ ቃሪያ ትለቅማለች። ካርዱ በፌስታል ተጠቅልሎ መሃላቸው ተቀምጧል። ሰላምታ የለ፣ ምን የለ፣ የሰው ልጅ መስረቅ ከመቼ ጀመርሽ ብዬ ወረድኩባት። መንገደኛው ቆሞ አየን። ሴትዮዋ ትንፋሽ ሲያጥረኝ ጠብቃ ነው የተናገረችው። ልጄ ያኔ ጥቅምት ላይ ከትምህርት ቤት በር ተመልሳ ጉልቱ ላይ ቆማ ስታለቅስ አገኘቻት፤ ቲማቲሟን ለጎረቤቷ አደራ ብላ አንዴ ብቻ ብላ እናቷ ሆና ሄደችላት። እነሱ ደግሞ መጥራታቸውን አልተዉም። ልትነግረኝ ብዙ ጊዜ አስባ ነበር።

«ግን ፊትሽ አያስቀርብም» አለችኝ።

ይኼ ጭራሽ አበገነኝ። ወደ ልጄ ዞርኩ። «እናት እያለሽ ነው ከመንገድ እናት የምትለምኚው? እኔ ምንሽ ነኝ?»

ቀና አላለችም። አንድ ቃሪያ በእጇ ታሻለች። «ሞታለች በያቸው ብለሽኝ ነበር» አለች። «ልለው ስል አፌ እምቢ አለኝ። ካልኩት የምትሞቺ መሰለኝ።»

ደንበኛዬ ፊቷን ወደ ቲማቲሟ አዞረች። ካርዱን ከፌስታሉ አወጣሁት። ልጄ ከክፍሏ አምስተኛ ወጥታለች። የወላጅ ፊርማ የሚለው ቦታ ባዶ ነበር፤ ሴትዮዋ እሱን ለእኔ ትታዋለች።

የሁለተኛው መንፈቅ ትምህርት የተከፈተ ዕለት ሰርቪሱ ጥሎኝ ሄደ፤ እያየሁት። የልጄን የልደት ሰርተፊኬት ቦርሳዬ ውስጥ ከትቼ፣ እጇን ይዤ ወደ ትምህርት ቤቷ ስሄድ ስልኬ ጮኸ። አለቃዬ ነው። የት ነሽ እንኳ አላለኝም፤ እንደ ልማዱ «ደግሞ ማን ሞተብሽ?» አለኝ።

«ማንም አልሞተም!» አልኩና ዘጋሁበት። ልጄ እጄን ጠበቅ አድርጋ ያዘችኝ።