አጎቴ በእኔ ፎቶ ቤት ሲሸጥ

የአጎቴ ስም በተነሳ ቁጥር ዛሬም ደሜ ይፈላል።

እኔ ከአዲስ አበባ በሩጫ ስኮላርሺፕ አሜሪካ የመጣሁ የኮሌጅ ተማሪ ነኝ። አብረውኝ የሚሮጡት አሜሪካኖች በስማቸውና በፎቷቸው ጫማውንም መጠጡንም እያስተዋወቁ ገንዘብ ይሠራሉ። እኔ ግን በተማሪ ቪዛ ስላለሁ አይፈቀድልኝም። ቪዛዬ ከተነካ ትምህርቱም ሩጫውም አበቃ። ይህንን ለአጎቴ ስንቴ ነገርኩት! እሱ እዚሁ አሜሪካ፣ አሌክሳንድሪያ በምትባል ከተማ ቤት የሚያሻሽጥ ኤጀንት ነው፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ደግሞ «አስተሳሰብህን ቀይር» የሚሉበት የማይንድሴት ስልጠና እየገባ የሰለጠነብን።

አንድ ቀን የኮሌጁ የስፖርተኞች ቢሮ አስጠራኝ። ስልክ ላይ ያሳዩኝ ምንድን ነው? እኔ፣ በኮሌጁ ማሊያ፣ ላቤ ጠብ እያለ፤ ከጎኔ አጎቴ፣ ከረቫቱን አስሮ እየገለፈጠ። ከላይ «ሯጫችን የምታምነው ኤጀንት!» ይላል።

«ይህ ሰው ስንት ከፈለሽ?» አሉኝ።

ምንም ብል ማን ይመነኝ? ማስታወቂያው ካልወረደ ነገሩ ቪዛዬ ድረስ እንደሚሄድ ነገሩኝ።

ወዲያው ደወልኩለት። «ጋሼ፣ አሁኑኑ አጥፋልኝ!»

«አንቺ ልጅ፣ አንቺ እኮ ብራንድ ነሽ! ማይንድሴትሽን ቀይሪ» አለኝ፣ ዓይኑን በጨው አጥቦ።

ብለምነው ጆሮ ዳባ ልበስ አለ። እሁድ ቤቱን ለገዢዎች ከፍቶ የሚያሳይበት ኦፕን ሃውስ ስላለው «ከዚያ በኋላ አጠፋዋለሁ» አለኝ!

እሁድ ከምኖርበት ከሲልቨር ስፕሪንግ የሜትሮ ባቡር ቀያይሬ ሄድኩ። የሚሸጠው ቤት ሳሎን፣ ቤቱን ሊያዩ በመጡ ሐበሾች ተሞልቷል። አጎቴ ሲያየኝ ልረዳው የመጣሁ መስሎት «ይኸው የእህቴ ልጅ፣ ሯጫችን!» ብሎ ትከሻዬን አቀፈኝ። እጁን ከላዬ ወረወርኩት።

«ይህ ሰው ሳይጠይቀኝ በፎቶዬ ቤት እየሸጠ ነው። በእሱ ምክንያት ቪዛዬን ልነጠቅ ነው!» አልኩ ጮክ ብዬ።

አንዲት እናት «ውይ! በገዛ እህትህ ልጅ?» ብለው ከንፈራቸውን መጠጡ። አጎቴ ስልኩን አውጥቶ ማስታወቂያውን አጠፋው። ቅንጣት አላዘንኩለትም።

በማግስቱ እናቴ ከአዲስ አበባ ደወለች። ለካ ቀድሞኝ ነግሯታል።

«ወንድሜን በሰው ፊት አዋረድሽው። ይቅርታ በይው» አለችኝ። ስለ ቪዛዬ አንድም ቃል አልጠየቀችኝም።

«እማዬ፣ ብባረርስ ኖሮ?»

«ትመጫለሻ! ቤትሽ አይደል እንዴ?»

ከልጅነቴ ጀምሮ የሮጥኩት ሁሉ ለእሷ ይህችን ያህል ብቻ ኖሯል። ስልኩን ጆሮዋ ላይ ዘጋሁት።